እጁን የሚታጠበው ዳኛ

በዚህ ከተማ ወረቀት ማክበር ማለት ፕላስቲክ ውስጥ መክተት ነው። ዲፕሎማ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የሟች አጎት ፎቶግራፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሠርጉ ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው የሠርግ መጥሪያ፤ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣሉ። ሥራዬ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ። ዋናውን ዲፕሎማ በፕላስቲክ ካሸጉት በኋላ ማኅተም ማሳረፊያ እንደማይኖረው፣ የማይቀበል መሥሪያ ቤትም እንዳለ ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ። የሚሰማኝ የለም። «እንዳይበላሽ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ማሽኑ እስኪግል ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲወጣም ገና ሞቅ እንዳለ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ መብራቱ እያዘነበሉ ያገላብጡታል። የሚያስደስታቸው የተጻፈው አይደለም፤ ማብለጭለጩ ነው።

እኔ የማከብረው ወረቀት ሌላ ነው። ሰባት ሥዕሎች አሉኝ። ሁሉም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ናቸው፤ በአውሮፓ ከብዙ ዘመን በፊት የመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጸው የታተሙ። ሰዓሊው መዳቡን በስለት ይፈለፍለዋል ወይም በአሲድ ያስበላዋል። ቀለም ይቀባና ይወለወላል፤ ቀለሙ በተፈለፈሉት መስመሮች ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ይለብስበትና በሁለት ከባድ ተሽከርካሪ የብረት ዘንጎች መካከል ይጨመቃል። ወረቀቱ መስመሮቹ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ያነሳዋል። ስለዚህ በደህና ኅትመት ላይ ጥቁሩ መስመር ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ጥላ አለው። የእኛ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይህን አያውቅም።

ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ስቀር የሱቁን ዋይፋይ እና አንድ መዝገበ ቃላት ይዤ ቁጭ አልኩ። የውጭ ሙዚየሞች ሥዕሎቻቸውን በስልክ እንኳ መስመር በመስመር አጉልቶ ለሚያይ ሰው ክፍት አድርገዋል። ሦስት ዓመት አየሁ። ከአንድ ሰዓት ሠሪ ላይ ዓይን ላይ የሚገጠም ማጉያ ገዛሁ። ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት መገኘቱ የሚገርመው ሰው ካለ፣ ከተማዋ ውስጥ ምን ያህል የውጭ ነጋዴና ሚሲዮናዊ ኖሮ እንደሄደ የማያውቅ ነው። ሲሄዱ የከበደውን ትተው ነው የሄዱት፤ ትልልቅ መጻሕፍት ደግሞ ከባድ ናቸው። ከሰባቱ አራቱ ከአንድ ከተበተነ መጽሐፍ የወጡ ናቸው። ሁለቱን ብል በልቷቸዋል። ሙሉ የሆነው ጦቢያ ዓሣውን የሚጎትትበት ብቻ ነው። ሐኪም ጋራ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ፣ በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መካከል አስቀምጫቸዋለሁ።

ጀጎል ውስጥ አንቲካ የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፤ በወር አንዴ ያስጠራኛል። ሁልጊዜ ተስፋ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ሁልጊዜ ንቄው እመለሳለሁ።

«ይኸው ያንተ» አለኝ አንድ ቀን፣ አንድ ቡናማ ስቅለት ዘርግቶ። «የጥንት የጥንት።»

ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። «ነጥብ ነው።»

«የምን ነጥብ?»

«መስመር የለውም። ጥቃቅን ነጥብ ተሰብስቦ ነው የተሠራው። የካላንደር ሥዕል ነው። ቁጥሩን ቆርጠህ ጥለህ ሻይ አፍስሰህበታል።»

«ሻይ አይደለም» አለ ቅር ብሎት። «ቡና ነው።» ከዚያም እያጠፈው፣ «ቱሪስት አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አንተ ብቻ ነህ ዶክተር መስለህ የምትመጣው። ሱቄ ክሊኒክ ነው እንዴ?»

በሳምንቱ ሳልፍ ስቅለቱ አልነበረም። አንዱ ገዝቶት ሄዷል፤ አሁን የሆነ አገር ሳሎን ውስጥ ሆኖ ስለ ዕድሜው ይወራለታል። ሻጩን ይህን ያህል አልፈርድበትም። የገዛውን ግን አላዝንለትም፤ ዓይን ተሰጥቶት ሳለ በጆሮው ነው የገዛው።

የእኛ ሱቅ ባለቤት ደግሞ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ደግ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ሥዕሎቼን አንድ ጊዜ አሳይቻት ነበር፤ ስህተት ነበር። አንድ በአንድ ገለጠቻቸውና፣ «ፕሮፌሰር፣ እነዚህ ሰዎች ባለቀለሙ ቶነር አልቆባቸው ነው?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ፕሮፌሰር ነው። እኔም እትዬ እያልኩ፣ በልቤ ግን ስለ ሥዕል ምን ታውቃለች እያልኩ ኖርኩ።

ሽማግሌው የመጡት በግንቦት መጨረሻ ነው። ፈላና በር አካባቢ የሚኖሩ፣ አርባ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ በወታደርነት መጥተው እዚህ ከቀሩት አንዱ ናቸው ይባላል። ሱቃችንን ያዘወትራሉ፤ ሰው አቤቱታ ሊያባዛ ሲመጣ ከኋላ ሆነው ያነቡና፣ «ይህ ቃል ይከስሃል፣ አውጣው» ብለው በነጻ ያርማሉ። በዚያ ቀን ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ከጋዜጣው ሥር ነጭ ጨርቅ ነበር። ከጨርቁ ሥር ሥዕሉ።

መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ነው። ወፍራም፣ የተልባ እግር ጨርቅ ተብላልቶ የተሠራ ዓይነት። ጫፉን ከፍ አድርጌ ወደ በሩ ብርሃን ስይዘው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ መስመሮች ታዩኝ፤ ያ የድሮ የእጅ ወረቀት ምልክት ነው። ማጉያውን ዓይኔ ላይ ገጠምኩ። ነጥብ የለም። መስመር ብቻ፤ በመስመር ላይ የተሻገረ መስመር። አንድ ዳኛ በደረጃ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ነው። አገልጋይ ከማንቆርቆሪያ ውኃ ያፈስለታል፤ የውኃው ክር ሦስት መስመር ብቻ ነው፣ ግን ይፈስሳል። በቀኝ በኩል፣ ጥላ ውስጥ፣ ወታደሮች ክርስቶስን እየገፉ ይወስዱታል፤ እሱ በጎን ነው የሚታየው፣ ባንድ ዓይን። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ያስፈልገኝ ነበር። ምናልባት ሰሌዳው ካረጀ በኋላ የታተመ ይሆናል። ቢሆንም ከእኔ ሰባቱ አንድም የሚጠጋው አልነበረም።

«አባቴ ለአንድ ግሪክ ነጋዴ ዘበኛ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሰውየው አገር ለቆ ሲሄድ ሰጠው። በሰኔ ዝክር አለብን፤ ያኔ ይወጣል፣ ሰው ይሳለመዋል። እየሳሳ መጣ። ላሚኔት አድርግልኝ፣ ልጄ።»

የማን ዝክር እንደሆነ አልጠየቅሁም። በዚያች ሰዓት ጆሮዬ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይህንን ላሚኔት አናድርገው» አልኩ።

«ለምን?»

«ማሽኑ ከመቶ ዲግሪ በላይ ይግላል። የፕላስቲኩ ሙጫ ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ከገባ አይወጣም። መስመሩ ቆሞ ነው ያለው፣ እዩት፤ ይደፈጥጠዋል። ፕላስቲኩ ደግሞ አንድ ቀን ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ከእሱ መለየት አይቻልም። ይህ ወረቀት ያለ ፕላስቲክ ምናልባት ሦስት መቶ ዓመት ኖሯል።»

«አይስሙት፣ ጋሼ» አለች የሱቁ ባለቤት ከወዲያ ማዶ። «ለእሱ ሁሉም ወረቀት ሦስት መቶ ዓመቱ ነው። ባለፈው የመብራት ቢል ወደ ብርሃን ይዞ ሲመረምር ነበር።»

ሽማግሌው አልሳቁም። «መዝገብ ቤት ስሠራ ወረቀት የሚገድለው አይጥና እርጥበት ነው ብዬ ነው የማውቀው» አሉ። «ሙጫ ይገድላል ያለኝ ሰው አልነበረም። መስታወትስ?»

«መስታወት ይሻላል። እኔ እሠራልዎታለሁ፤ መስታወቱ ሥዕሉን ሳይነካ፣ ዙሪያውን በካርቶን ከፍ አድርጌ። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም።»

«ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። ቢሰበርስ?»

«በስስ እንጨት አጥብቄ እይዘዋለሁ።»

«እስከ ሰኔ ሃያ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጨርቁን መልሰው ማልበስ ጀመሩ። «እንግዲያው በመስታወት ይሁን» አሉ። ሥዕሉ ተርፎ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ከዚያም አልፌ ሄጄ ነበር፤ ዛሬ ከፕላስቲክ ያዳነው ሰው ነገ ሽማግሌው ለማን እንደሚያወርሱት ሲያስቡ ትዝ ይላቸዋል ብዬ አስቤያለሁ። በጣውላዎቹ መካከል ቦታውን ሁሉ ለክቼለት ነበር።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም።

ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ሳይሸፍነው አንድ ነገር አየሁ። የዳኛው ፊትና ደረት አካባቢ ወረቀቱ ወዝ ጠጥቶ፣ መስመሩ ደብዝዞ፣ ከሌላው ይልቅ ጠቁሯል። የከንፈር ቦታ ነው። ክርስቶስ ያለበት ጥግ ግን ንጹሕ ነው፤ አንድም ሰው አልሳመውም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝም ስለመሰለኝ ደስ አለኝ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ መምህር የፈተና ወረቀት ይዞ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ድምፄን ትንሽ ለእሱም እንዲሰማ አድርጌ ይመስለኛል የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የምትሳለሙት ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«ማንን ነው?»

«የፈረንጅ ሥዕል እንደ እኛ አይደለም» አልኩ። «በእኛ ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሳላል፣ ባንድ ዓይን። እናንተም በዚያው ልማድ ሁለት ዓይን ያለውን ስታዩ ጌታ መስሏችኋል። ጌታ ይኸውና፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለው። ይህን ሁሉ ዓመት ስትስሙ የኖራችሁት የፈረደበትን ነው። ጲላጦስን።»

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቀጥ አለ። ሽማግሌው የማይመለከተው ችሎት ውስጥ ገብቶ ክስ የሚያሰማ ሰው እንደሚያዩ አድርገው አዩኝ።

«እና ማንን እንሳም?» አሉ።

ጣቴን ክርስቶስ ወዳለበት ጥግ ዘረጋሁ።

«ክርስቲያን ነህ?»

«ነኝ።»

«ሰኔ ሃያ አምስት የማን መታሰቢያ ነው?»

ሰኔ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም ነበር። መለሰልኝ መምህሩ። «የጲላጦስ» አለ፣ ወረቀቱን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው እያዛወረ። «የሚስቱ የአብሮቅላም ጭምር። የሰንበት ተማሪ ያውቀዋል።»

«እጁን ከታጠበ በኋላ ተጸጽቷል» አሉ ሽማግሌው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው። «አምኗል። በኋላም አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰማዕት ትለዋለች። እኛ የድሮ የፍርድ ቤት ሰዎች በየዓመቱ ዝክሩን እናወጣለን። አርባ ዓመት ችሎት ስገባ ስወጣ፣ በፈረደው የተጸጸተ ዳኛ ያየሁት እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የፈረንጆቹ ስልክ ይህን አልነገረህም?»

አልነገረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብኳቸው ማብራሪያዎች ጲላጦስ ፈሪ ነው፣ ደካማ ነው፣ ሲሉ ኖረዋል። የቤቴን ሰው ከባዕድ አፍ ሰምቼ፣ መልሼ ለባለቤቶቹ ላስተምር ነበር የተነሳሁት። የሱቃችን ባለቤት እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «ፕሮፌሰር» ብላ ትጀምራለች፣ መጨረስ ያቅታታል።

ሽማግሌው ጨርቁን እንደገና ገለጡት። «በል ላሚኔት አድርግልኝ።»

«ጋሼ፣ በሥዕሉ ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። በፕላስቲኩ ግን አልተሳሳትሁም።»

«ቅድም ስለ ሥዕሉ ስትነግረኝ ልብህ ሙሉ ነበር» አሉ፤ ቁጣ የለባቸውም። «አሁንም ስለ ፕላስቲኩ ልብህ ሙሉ ነው። ሁለቱን በምን ለይቼ ልመንህ?»

ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅቻለሁ። ከደቂቃ በፊት ያመኑኝ ስለ ወረቀት ባወቅሁት ነበር፤ ያንኑ እምነት ሳልጠየቅ፣ ባልተማርኩት ነገር ላይ፣ ሰው እንዲሰማኝ ብዬ አጠፋሁት። አንቲካ ሻጩ እንኳ ካላንደሩን ሲሸጥ ይህን ያህል አልቸኮለም።

የሱቁ ባለቤት ተነስታ መጣች። «ከኤ ፎር ይበልጣል» አለች። «ዳር ዳሩን ትንሽ እንቁረጠውና ይገባል።» መቀሱን አነሳች።

«እኔ አደርገዋለሁ» አልኩ፣ መቀሱን ከእጇ ወስጄ።

ትልቁን፣ የኤ ስሪውን ፕላስቲክ ከመደርደሪያ አወረድኩ። መብራት ጠፋ ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የማሽኑ አረንጓዴ መብራት ለሁሉም ይታይ ነበር። በብሩሽ አቧራውን አነሳሁ። ሥዕሉን እኩል መካከል ላይ አስተኛሁት፤ ከግራና ከቀኝ በማስመሪያ ለካሁ፣ ሁለት ጊዜ። ሊሞት የተዘጋጀ ነገር ቀጥ ብሎ መተኛቱ ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ጠማማ ሆኖ ሲገባ ግን ማየት አልቻልኩም። ማሽኑ ጫፉን ያዘና ጎተተው። ዳኛው ገባ፣ አገልጋዩ ገባ፣ ውኃው ገባ። በወዲያኛው በኩል ሲወጡ ሁሉም ያብረቀርቁ ነበር። ጥቁሩ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ለማየት ማጉያ አላስፈለገኝም። ጥሩ የካላንደር ሥዕል ይመስል ነበር።

ሽማግሌው ሞቅ እንዳለ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «አሁን ዝናብም አይነካው» አሉ። የልባቸው ደርሷል። ለመውጣት ሲነሱ፣ «በዝክሩ ቀን ና» አሉኝ። «ከምትናገረው ይልቅ ብትሰማ ይጠቅምሃል።»

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ሰው ቢጠይቀኝ ሥዕሉን ለማየት ነው እላለሁ፤ ሌላ ምክንያት ቢኖርም ለራሴ አልነገርኩትም። ቀኑን ሙሉ ይዘንብ ነበር። ፈላና በር ያለው ቤታቸው ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የድሮ መዝገብ ያዥ፣ የድሮ ችሎት አስከባሪ፣ አንዲት የድሮ ታይፒስት። ድፎ ዳቦው ተቆርጧል፣ ጠላው ተቀድቷል። አንዱ አንዱን ስለ አንድ የጠፋ የክስ ፋይል ሃያ ዓመት ዘግይቶ ይወቅሰው ነበር።

«አንተ ነህ ያቃጠልከው።»

«አይጥ ነው የበላው።»

«አይጡ ፊርማ ይችል ነበር?»

ከዚያ ጸሎት ሆነና ሥዕሉ ወጣ። ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። እያንዳንዱ ግንባሩን አስነክቶ፣ ስሞ፣ ለሚቀጥለው ሲያቀብል ታይፒስቷ በለስላሳ ወረቀት ትወለውለዋለች። ባለፉት ዓመታት ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር፤ አሁን ይቻላል። ስትወለውል ትንሽ እንኳ ጥርጣሬ ፊቷ ላይ አልነበረም። ለወደፊቱም ጉንፋን እንኳ አይተላለፍበትም አለች፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላሚኔት ያደረገልን ይህ ልጅ ነው» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ እያመለከቱ። ስለ ጲላጦስ ያልኩትን አንድም ቃል አላነሱም። እኔ እሳቸውን ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ በየተራ። ችሎት አስከባሪው ሁለት ጊዜ ደገመው። በዚህ ከተማ የማውቀውን ነገር በትክክል ሠርቼ አንድም ቀን ተመርቄ አላውቅም። ለእያንዳንዳቸው አሜን አልኩ።

ሥዕሉ እኔ ጋ ደረሰ። የመስኮቱ ብርሃን ፕላስቲኩ ላይ ስለሚንሸራተት ዳኛው አልታየኝም፤ ዘንበል አድርጌ ፈለግሁት። ሰው ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር። ሳምኩት። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።